ስፒከሩ ነው ወይስ ወለሉ? የቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያ ንዝረትና መከላከያው

በሰሜን ሸዋ ዞን በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ምሽት ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘውን ስፒከር ድምፅ ከፍ ሲያደርግ የቡፌው ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል፤ የጣውላው ወለል ከእግር በታች ይርገበገባል፤ የዜና አንባቢው ንግግርም በጉምጉምታ ይዋጣል። ለዚህ ተጠያቂ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ሲሆን፣ በመፍትሔነት የሚቀርበውም ሌላ ትልቅ ስፒከር መግዛት ነው። ጥፋቱ የወለሉ ወይም የክፍሉ ሆኖ ሳለ ለአዲስ ስፒከር የሚወጣው ገንዘብ ግን ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም።

በስፒከሩ ውስጥ የሚርገበገበው ሾጣጣ ወደ ፊት ሲገፋ ሳጥኑ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግፊቱም በሳጥኑ ግርጌ ወደ ወለሉ ይተላለፋል። ማንኛውም ወለል፣ ጣሪያና ቁምሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ፍጥነት አለው። ከስፒከሩ የሚመጣው ንዝረት ከዚያ ፍጥነት ጋር ሲገጥም መንቀጥቀጡ እየጎላ ይሄዳል፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። በአግዳሚ ላይ የተነጠፈ ጣውላ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ሲሆን፣ አፈር ላይ ያረፈ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ እምብዛም አይንቀሳቀስም። በገና ደርዳሪ ነዝናዛውን ድምፅ ለማግኘት ሆን ብሎ ከጅማቱ ሥር እንዝራ የተባለውን ቆዳ ያስገባል፤ ከስፒከር ሳጥን የሚፈለገው ግን ዝምታ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ንዝረቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች ስፒከሩን ባለበት ቦታ ጥቂት ከፍ አድርገው ሲይዙት ጉምጉምታው ከቀነሰ መንገዱ ወለሉ ነው፤ ካልቀነሰ ክፍሉ ነው።

ወለሉ ከሆነ ከባድና ለስላሳ ነገር ማጣመር ይበጃል። ድንጋይ በማይጠፋባቸው በመንዝ ወረዳዎች ጠፍጣፋ ድንጋይ ማግኘት አያስቸግርም። ድንጋዩን በጥቂቱ በተነፋ የብስክሌት ካላማዳሪ ወይም በጎማ ቁራጭ ላይ አሳርፎ ስፒከሩን ከላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የመደላድሉ ልስላሴ ወሳኝ ነው። በክብደቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰምጥ መደላድል በግምት በሰከንድ 16 ጊዜ፣ ማለትም በ16 ሄርዝ የመርገብገብ ባሕርይ ሲኖረው፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚሰምጠው ወደ 8 ሄርዝ ይወርዳል። ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረውም የዚህን ቁጥር 1.4 እጥፍ ከሚያልፉት ድምፆች አንሥቶ ነው፤ በራሱ ቁጥር አካባቢ ግን ጭራሹን ያጎላዋል። የመንዝ ባና አጥፎ መደልደልም መንቀጭቀጩን ያስታግሳል፤ ነገር ግን ሱፉ በክብደት ሲታመቅ ስለሚጠጥር ብዙ ሊጠበቅበት አይገባም። ሹል የብረት እግር ስፒከሩ እንዳይወዛወዝ ያደርጋል እንጂ ንዝረቱ ወደ ጣውላው እንዳይተላለፍ አያግድም።

ክፍሉ ከሆነ መደላድል አይረዳም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በቦታው ከፍታ ሳይሆን በአየሩ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ የመሐል ሜዳ ምሽት ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ42 ሄርዝ አካባቢ ያስተጋባል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባና ቀጫጭን ድምፆችን ቢውጥም ይህን አይነካውም። የሚሻለው ስፒከሩን ከማእዘን ማራቅና ባሱን መቀነስ ነው፤ 3 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ኃይሉን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ጉዳዩ የጎረቤትም ነው። ተያይዘው በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ንዝረቱ በጋራው ግድግዳና በጣሪያው ማገር ያልፋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ደረጃ ሊወጣላቸው ከሚገቡ ጉዳዮች አንዱ አድርጎ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ቅሬታ የቀረበለት የቀበሌ ሹም ግቢው ውስጥ ቆሞ ማዳመጡ ብቻ አይበቃውም። የአቤት ባዩን ግድግዳ በመዳፉ ቢዳስስ፣ ስፒከሩም ከጋራው ግድግዳ እንዲርቅ አድርጎ ደግሞ ቢዳስስ፣ የሁለቱ ጎረቤቶች ጠብ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያልቅ መሆን አለመሆኑን ያውቃል።