ያወቁትን ማስረዳትም ዕውቀት ነው
(በቃል ፈተናና በናሙና ትምህርት ላይ ስለሚታዩ ስሕተቶች)

እንደሚታወቀው አንድ ሠልጣኝ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ሁለት ነገሮች ይጠብቁታል። አንደኛው ጠረጴዛ ከብበው በተቀመጡ ሰዎች ፊት የሚደረግ የቃል ፈተና ነው። ሁለተኛው በተለይ በግል ትምህርት ቤቶች የተለመደው የናሙና ትምህርት ነው። በሁለቱም ላይ ትምህርቱን እያወቁ የሚወድቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የሚወድቁትም ያወቁትን ለሰሚው ሳያደርሱ ስለሚቀሩ ነው። እኛ ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ሠልጣኞች ጉዳዩን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተሰብ በግ ሸጦ ያስተማረው ልጅ በሩብ ሰዓት ጥያቄ ምክንያት ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። ስለሆነም ዋና ዋናዎቹን ስሕተቶች ከነመፍትሔያቸው እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ድምፅን መደበቅ። በአገራችን ጨዋ ልጅ በታላላቆቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው። ችግሩ ፈታኙ መሬት መሬት የሚያየውን ልጅ «ጨዋ ነው» ሳይሆን «አያውቅም» ብሎ ሊመዘግበው መቻሉ ነው። ታዲያ ባህላችንን እንጣል ማለት ነው? አይደለም። የኛው አገር ትምህርት ራሱ በአፍ የሚፈተን ነበር፤ ዛሬም ነው። የቁርኣን ተማሪ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን ለመምህሩ ድምፁን አውጥቶ ካልቀራ ሉሁን አጥቦ ወደ ሌላው አያልፍም። የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ ይታረማል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው እዚሁ በራችን ላይ ነው። ስለዚህ እጅ ነሥቶ መግባት፣ «ተቀመጥ» ሲሉ መቀመጥ፣ ከዚያም የጠየቀውን ሰው እያዩ ጥርት አድርጎ መመለስ ይቻላል። አክብሮትና ድምፅ አይጣሉም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ሳይሰሙ መመለስ። «ራስህን አስተዋውቅ» ሲባል ከትውልድ ቀበሌው ጀምሮ እስከ አያቱ ስም የሚዘረዝር አለ። ፈታኞቹ ማወቅ የፈለጉት ምን እንደተማረና ምን ማስተማር እንደሚችል ነው። እንደዚሁም «አንድ ተማሪ ክፍሉን ቢረብሽ ምን ታደርጋለህ?» ሲባል የክፍል አያያዝን ትርጉም ከደብተር እንዳለ የሚያነበንብ ሞልቷል። የተጠየቀው እኮ ትርጉም አይደለም፤ ድርጊት ነው። «ማስተማሬን ሳላቋርጥ ወደሱ ጠጋ እላለሁ፤ ቀላል ጥያቄ ጠይቄ ወደ ትምህርቱ እመልሰዋለሁ፤ ከክፍል በኋላም ለብቻው አነጋግረዋለሁ» ብሎ የመለሰ ሰው አስተማሪ መሆኑን አሳየ። ጥያቄው ካልገባ ደግሞ «ይቅርታ፣ ቢደግሙልኝ» ማለት ነውር የለውም። የማያውቁትን «ይህን አላውቀውም» ብሎ ማለፍም ከመቀባጠር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ወረቀትና አፍ ሲለያዩ። ለዚህ ከአምባሰል የበለጠ ምስክር አንፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ ነው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መገናኘት እንደምትችል ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። የዚህ አንድ ቃል መዘዝ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አደረሰ። የኛ ነገር ከዚያ ጋር ባይመጣጠንም ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ማመልከቻው ላይ «ኮምፒዩተር በሚገባ እችላለሁ» ብሎ ጽፎ፣ «እስቲ የፈተና ወረቀት ጻፍልን» ሲባል የሚያላብ ሰው ሌላውንም እውነቱን ያስጠረጥራል። የጻፉትን ደጋግሞ ማንበብ፣ የማይችሉትንም አለመጻፍ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ለሰሌዳ ማስተማር። ይህ በናሙና ትምህርት ላይ የሚታይ ነው። አስተማሪው ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሶ ያነባል፤ ሰዓቱ አለቀ። ለምሳሌ ስለ ሐይቅ ማስተማር ቢኖርብን «ሐይቅ ማለት...» ብሎ ትርጉም ከማስገልበጥ ይልቅ ልጆቹ ከሚያውቁት መነሣት ይበጃል። «ወደ ሐይቃችን ውሃ ሲገባ ታያላችሁ፤ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?» ብንላቸው አንዱ «መሬት ይጠጣዋል» ይላል፤ ሌላዋ «ፀሐይ ትወስደዋለች» ትላለች። ከዚያ በኋላ ስለ ትነት ማስረዳት ቀላል ነው። የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ከሆነ አንድ ነገር አስተምሮ፣ መግባቱን ጠይቆ መጨረስ ይገባል። ሦስት ርዕስ ጀምሮ አንዱንም አለመቋጨት አለባብሶ ማረስ ነው፤ በአረም ያስመልሳል።

አምስተኛ፣ ሲረበሹ መደናገጥ። ጠመኔ ሊሰበር፣ ልጅ ሊስቅ፣ ፈታኝ ሊያቋርጥ ይችላል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞክረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አብረው አልጮኹም። ረባሾቹ እስኪወጡ በጸጥታ ጠብቀው ንግግራቸውን በአማርኛ አሰሙ። እንግዲህ በጉባኤ ፊት የሠራ ትዕግሥት በክፍል ውስጥ አይሠራም ማን ይላል? ትንሽ ዝም ማለት፣ መተንፈስ፣ ካቆሙበት መቀጠል ነው።

ይህ ሁሉ በምክር ብቻ አይመጣም፤ ልምምድ ይጠይቃል። በመሆኑም ሠልጣኝ ጓደኞቻችን ከእራት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ተጠያቂ ሁኑ። ሦስተኛ ሰው ከተገኘ ሰዓት ይያዝ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «አልተሰማኝም» የሚል ጓደኛ ከሚያጨበጭበው ይበልጥ ይጠቅማል። ስሕተቱ በጓደኛ ፊት ቢታረም ጉዳቱ ትንሽ ሣቅ ነው፤ በፈታኝ ፊት ሲሆን ግን እንጀራ ያሳጣል። ከዚህም በላይ ነገ ክፍል ስንገባ ሰሚዎቻችን ሕፃናት ናቸው። እነሱ ያልገባቸውን ነገር እንደ ፈታኝ ነጥብ ቀንሰው አይነግሩንም፤ ዝም ብለው ሳያውቁ ያልፋሉ። ስለዚህ ዛሬ የምንለማመደው ሥራ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ለነሱም ጭምር ነው እንላለን።