በገና ያለበት ፓስፖርት

የአየርላንድ ፓስፖርት ሽፋኑ የወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ በላዩ በወርቃማ ቀለም በገና ታትሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ንድፍ ውስጥ ገጾቹን ለገለጠ ሰው የሞኸር ገደል ሥዕልና የብሔራዊ መዝሙሩ ኖታ ይታዩታል። ይህ ፓስፖርት ብዙ አገር ያለ ቪዛ ያስገባል እየተባለ ይወደሳል፤ እውነትም ነው። የሚያስገባው ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አንዱ አገር በመብት ይገባል፣ ሌላው በፈቃድ፣ ሌላው ደግሞ እንደማንኛውም እንግዳ ቪዛ ጠይቆ ነው።

በመብት ከሚገባባቸው የመጀመሪያዋ ብሪታንያ ናት። መሠረቱ በ1920ዎቹ የተጣለው የጋራ የጉዞ ቀጣና የአየርላንድ ዜጋ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለንደን ሄዶ እንዲኖርና እንዲሠራ ያስችለዋል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣም ይህ መብት አልተነካም። መብቱ ግን የዜጎች ብቻ ነው፤ ይህን ደብሊን የሚኖሩ ወገኖቻችን ልብ ሊሉት ይገባል። በብሪታንያ ሥር ወዳለችው ቤልፋስት በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ የለም፤ አውቶቡሱ ድንበሩን ሳይቆም ያልፋል። ሆኖም በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአየርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ ያንን መስመር ለመሻገር የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ጠያቂ አለመኖሩ ሕጉን አይሽረውም።

አየርላንድ የሼንገን አባል ስላልሆነች ከደብሊን ፓሪስ የሚሄድ ሁሉ ፓስፖርቱን ያሳያል። የአየርላንድ ዜጋ ግን የኅብረቱ ዜጋም ስለሆነ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን የሚለው ቆጠራ አይመለከተውም። ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው፣ የባንክ ካርድ የሚያህለው የፓስፖርት ካርድም ለዚህ ጉዞ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የአሜሪካው ነው። ቪዛ አይጠየቅም፤ ኢስታ የሚባለውን ፈቃድ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ማውጣት ግድ ነው። ቆይታው ከ90 ቀን አያልፍም፣ መቀጠርም አይቻልም። ከመጋቢት 2011 ወዲህ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ሶርያ ወይም ሱዳን የረገጠ ሰው ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ይህ መንገድ ይዘጋበትና ኤምባሲ ሄዶ ቪዛ ይጠይቃል። ፈቃዱን የያዘው መንገደኛ ደብሊን ኤርፖርት፣ ተርሚናል 2 ይደርሳል። የአየርላንድን ፍተሻ ካለፈ በኋላ የአሜሪካ ዩኒፎርም የለበሰ የድንበር መኮንን ፊት ይቆማል። ለምን እንደሚሄድና የት እንደሚያርፍ የሚጠየቀው እዚያው፣ አውሮፕላን ሳይሳፈር ነው። ካለፈ ኒውዮርክ ሲያርፍ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ካላለፈም አትላንቲክን ተሻግሮ የመመለስ እንግልት አይደርስበትም፤ ከነሻንጣው ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሠራሩ በሻነን ኤርፖርት በ1986 ተጀምሮ በኋላ ወደ ደብሊን መጣ። መኮንኑ የአሜሪካ ይሁን እንጂ የቆመበት ወለል የአየርላንድ ነው፤ የአገሩ ሕግ እዚያም ይሠራል።

ካናዳና አውስትራሊያም ተመሳሳይ የኢንተርኔት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቻይና በ2024 በሯን ለአየርላንዳውያን ከፍታለች፤ ሆኖም የከፈተችው በጊዜ ገደብ ስለሆነ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማጣራት ይበጃል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ አየርላንዳዊ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኢ-ቪዛ በኢንተርኔት ይወጣል። አገራችን ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የአየርላንድን ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊም ቦሌ ሲደርስ በሕግ ዓይን የውጭ አገር ሰው ነው። ለእሱ የተበጀው መላ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ካርዱን የያዘ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም።