ስለ መንገድ ርቀትና ስለ መንገድ ጊዜ፤ ከቶክዮ እስከ ኦሳካ

መንገደኛ «ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌው «የሁለት ቀን መንገድ ነው» ይለዋል፤ መጽሐፍ ግን በኪሎሜትር ይነግረዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌው የለካው የሰውን ድካም ሲሆን መጽሐፉ የለካው ምድሩን ነው። ይህን ልዩነት ለማስረዳት በእስያ ክፍል በጃፓን አገር ያሉት ቶክዮና ኦሳካ የሚባሉት ታላላቅ ከተሞች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ በአየር ላይ ቢለካ 400 ኪሎሜትር ያህል ነው። ነገር ግን መንገድ ተራራንና ባሕርን እየሸሸ ይጠማዘዛልና፥ ዛሬ ፈጣኑ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ 515 ኪሎሜትር ነው።

ቶክዮ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1868 ዓ.ም. ድረስ ኤዶ ትባል ነበር፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን ከኤዶ ተነሥቶ ከኦሳካ ወዲህ እስካለችው እስከ ኪዮቶ የሚደርሰው መንገድ ቶካይዶ ይባል ነበር። ርዝመቱ 490 ኪሎሜትር ያህል፥ ማረፊያውም 53 ነበረ። እግረኛው ይህን በሁለት ሳምንት ያህል ይፈጽመው ነበር፤ ይህም በቀን 35 ኪሎሜትር ማለት ነው። ነገር ግን ኦይ በሚባለው ወንዝ ላይ ድልድይ ስላልነበረ መንገደኛው በተሸካሚ ትከሻ ይሻገር ነበር፤ ወንዙም በሞላ ጊዜ መሻገር ተከልክሎ ውሃው እስኪጎድል ድረስ በዳር ሆኖ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ርቀቱ ሳይጨመር ጊዜው ተጨመረ።

በ1889 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ተፈጽሞ ጉዞው ወደ 19 ሰዓት ያህል ሆነ። በ1930 ዓ.ም. ፈጣኑ ባቡር በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያደርስ ጀመር። ነገር ግን ሐዲዱ የሃኮኔን ተራራ ዙሮ ይሄድ ስለ ነበር፥ ተራራውን ለመብሳት በ1918 ዓ.ም. የተጀመረው የታንና ዋሻ በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። በሥራው ላይ 67 ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ በደቂቃዎች የሚያልፈው መንገደኛ ይህን ዋጋ አያይም፤ ተማሪ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ከዚህ በኋላ በ1964 ዓ.ም. አዲስ ሐዲድ ተሠርቶ ጉዞው 4 ሰዓት ሆነ። የዚያ ባቡር ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 210 ኪሎሜትር ነበር፤ ነገር ግን 515 ለ4 ሲካፈል የሚገኘው 129 ያህል ነው። ምክንያቱም ባቡሩ ሲነሣና ሲቆም በዝግታ ስለሚሄድና በጣቢያም ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ ጊዜን በከፍተኛው ፍጥነት የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። ዛሬ ከሁሉ የሚፈጥነው ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላው ይደርሳል። አይሮፕላንም በአየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ነገር ግን ወደ አይሮፕላን ማረፊያ መሄዱና በዚያ መጠበቁ አብሮ ሊቈጠር ይገባል።

ስለዚህ አስተማሪው ርቀትን ሲያስተምር ሦስት ጥያቄ ያስለምድ፤ በየትኛው መንገድ? በምን ተጕዞ? በየትስ ቆሞ? ሽማግሌውም «የሁለት ቀን መንገድ» ሲል በበጋ ወይስ በክረምት መሆኑን ይጨምርበት። በሽተኛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ለሚገሠግሥ ሰው የኪሎሜትሩ ቍጥር ብቻ አይበቃውም፤ ወንዙ መሙላቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልገዋል።