ባለ ሺ እግሩ ወፍጮ

ልጆች፣ ስሙኝማ! ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀ ካባ እንዴት ተመልሶ ጫካ እንደሚሆን ገባኝ። ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ቦታውን በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ኬንያ ነው፤ ከሞምባሳ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር፣ ባምቡሪ ይባላል። እዚያ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የኖራ ድንጋይ ሲቆፍር ኖሯል። ድንጋዩ በጥንት ዘመን ባሕር ውስጥ የነበረ ኮራል ነው። ላዩ ላይ የነበረው አፈር ተገፎ ሄደና ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ምጣድ የሚግል ወለል ቀረ። ትንሽ ሲቆፈር ውኃ አለ፤ ግን ጨዋማ። እዚህ ላይ ምን ይበቅላል?

እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የግብርና ባለሙያ ሞከረው። 26 ዓይነት ዛፍ ተከለ። የተረፉት ስንት መሰሏችሁ? ሦስት! አንዱ ኮኮናት፣ አንዱ በሶማሌ ምድር የሚበቅለው ደማስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሸውሸዌ! አዎ፣ እኛም የምናውቀው፣ ነፋስ ሲነካው ሸው ሸው የሚለው፣ ቅጠሉ መርፌ የሚመስለው።

ሸውሸዌ ጨው ይችላል። ግን ዋናው ምስጢር ሥሩ ላይ ነው። ተክል ሁሉ ናይትሮጅን ይፈልጋል። አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ተክል ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ጠፍቷል በሉት። በሸውሸዌ ሥር ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ፤ ውስጣቸው ፍራንኪያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ቁልፉ እነሱ ጋ ነው! ዛፉ ስኳር ይቀልባቸዋል፣ እነሱ ናይትሮጅኑን ዛፉ በሚወስደው መልክ አድርገው ይመልሱለታል። ባክቴሪያዎቹ በሌሉበት ቦታ ለመትከል ካደገ ሸውሸዌ ሥር እፍኝ አፈር ዘግኖ ለችግኙ መስጠት ይበቃል። እርሾ እኮ ነው! ከትናንቱ ቡሆ ለዛሬው እንደምናስቀረው።

እሺ፣ ዛፉ በቀለ፤ ጥላም ሆነ፤ መርፌ ቅጠሉም ረገፈ። ከዚያስ? ምንም። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ እኔም ግራ ገባኝ። ቅጠሉ መሬቱ ላይ ይከመራል እንጂ አይበሰብስም። ካልበሰበሰ አፈር የለም፤ አፈር ከሌለ ሌላ ተክል አይመጣም። ለምን አይበሰብስም? ታኒን የሚባል ነገር ስለሞላበት ነው። ሻይ ቅጠል አብዝታችሁ ስታፈሉ አፍ የሚያኮማትረው እሱ ነው። ቆዳ ሲለፋም እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ይኸው ታኒን ነው። ዛፉ የገዛ ቅጠሉን እንደ ቆዳ አልፍቶታል ማለት ነው!

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ሃለር አንድ ቀን ጣት የሚያክል፣ እግሩ ቀይ የሆነ፣ ሲነኩት የሚጠቀለል ሺ እግር ያንን መርፌ ቅጠል ሲበላ አየ። ሌላው ሁሉ የተወውን! ከአካባቢው እያስለቀመ ወደ ካባው አስገባቸው። ሺ እግር ብዙ ይበላል፣ ከበላው ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል፣ የቀረውን አድቅቆ ያወጣዋል። ደቃቁ ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩና ጥቁር ለም አፈር ያደርጉታል።

በቃ፣ ያን ጊዜ በራልኝ። ጤፉን ሳታስፈጩ ውኃና እርሾ ብትጨምሩበት እንጀራ ይሆናል? አይሆንም! እርሾው ሊገባበት የሚችለው ዱቄት ሲሆን ነው። ቅጠሉ እህል ነው፣ ሺ እግሩ ወፍጮ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ እርሾ ናቸው። ካባው ውስጥ እህሉ ተከምሮ ነበር፤ የጎደለው ወፍጮ ነበር! ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

አፈሩ ከተገኘ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ሌሎች ዛፎች፣ ወፎች፣ የዓሣ ኩሬዎች፣ ጉማሬም ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ1984 ቦታው ለጎብኚ ተከፈተ፤ ዛሬ ሃለር ፓርክ ይባላል።

አፈርን ከዜሮ መሥራት ይህን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ካየሁ ወዲህ፣ ካባ ሲከፈት የሚወጣውን ዕቅድ የማነበው በሌላ ዓይን ነው። ከድንጋዩ በፊት የላዩን አፈር ገፎ ለብቻው ማስቀመጥ ይላል። ከፍ አድርጎ መቆለል አይገባም፤ በውስጡ ያሉት ነፍሳት አየር ያጥራቸዋልና። በኮረብታ ላይ ያለ ካባ ከሆነ ደግሞ ገደሉ እንደ ደረጃ በእርከን ይቆረጣል፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይወጣለታል፣ የተመለሰው አፈር ቶሎ ሣር ይለብሳል። የዝናብ ጠብታ ራቁቱን ያለ አፈር ሲያገኝ እየመታ ይበትነዋል፣ ጎርፉም ጠርጎ ይወስደዋል። ጠብታው ቅጠል ላይ ካረፈ ግን ጉልበቱ እዚያው ያልቅና ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል።

ሸውሸዌ ሰፈራችሁ ካለ፣ ከሥሩ ተንበርከኩና ቅጠሉን በጣታችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። ላዩ ደረቅ መርፌ ነው። ዝቅ ሲል ስብርብሩ ይመጣል። ከዚያም በታች ጥቁሩን ዱቄት ካገኛችሁ አሽትቱትና ደውሉልኝ!