ሴኔት፦ ዲግሪ የሚጸድቅበት ጉባኤ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመረቀው ሴኔቱ ስሙ ያለበትን ዝርዝር ተመልክቶ ሲያጸድቅለት ነው። የምረቃው ቀን ሲቃረብ ሬጅስትራሩ ከየኮሌጁ የተሰበሰበውን የዕጩ ምሩቃን ዝርዝር ይዞ ወደ ስብሰባው ይገባል። አጠቃላይ የውጤት አማካዩ (ሲጂፒኤው) 2.00 ያልሞላ፣ ኤፍ ያልተነሣለት፣ ኮርስ የቀረበት ተማሪ ስሙ እዚያ ውስጥ የለም። ፕሬዚዳንቱ በመድረክ ላይ ሆነው ዲግሪ ሰጥቻለሁ የሚሉት በዚህ ጉባኤ ውሳኔ ነው። አበባ ይዞ፣ ዘመድ ጠርቶ ከአዳራሹ ደጅ የሚጠብቀው ቤተሰብ ጉባኤውን አያየውም። «ሴኔቱ ወሰነ» የሚል ዜና ግን በየጊዜው ይሰማል። ይህ አካል ምን እንደሆነና ሥልጣኑ የት ድረስ እንደሚሄድ ማወቅ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አናት ላይ ቦርድ አለ፤ በጀቱን፣ ዕቅዱንና አጠቃላይ አካሄዱን ይመለከታል። የዕለት ሥራውን ፕሬዚዳንቱ ይመራሉ። የትምህርቱ ነገር የሴኔቱ ነው። የትኛው ፕሮግራም እንዲከፈት፣ የትኛው እንዲዘጋ፣ ተማሪ በምን እንዲመዘን፣ ምን ሲያጎድል እንዲሰናበትና በምን ሁኔታ እንደገና የመመለስ ዕድል (ሪአድሚሽን) እንዲያገኝ፣ የትምህርት ዘመኑ መቼ እንዲጀምር የሚወሰነው እዚያ ነው። ፕሬዚዳንቱ ይሰበስቡታል፤ ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ ዲኖች፣ ሬጅስትራሩ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካዮች ይቀመጡበታል። መሠረቱን የጣሉት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች ናቸው፤ ቁጥር 351/1995፣ ከዚያ 650/2001፣ ቀጥሎም 1152/2011። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ «ሴኔት ሌጂስሌሽን» በሚባለው የራሱ ደንብ ይጽፈዋል። መምህራን በስብሰባ ላይ ክርክር ሲከርባቸው «ሌጂስሌሽኑ ምን ይላል?» ብለው የሚያወጡት መጽሐፍ እሱ ነው።

ሴኔቱን ሊያውቅ የፈለገ ሰው ከላይ ባይጀምር ይሻለዋል። ሥራው የሚበስለው ታች፣ በዲፓርትመንት ካውንስል ነው። ሁሉም ዲሲ ይለዋል።

ሴሚስተር ሲያልቅ አንድ መምህር የ60 ተማሪዎችን ውጤት አቀረበ እንበል፤ ከእነሱ 25ቱ ኤፍ አግኝተዋል። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወረቀቱን ለባልደረቦቹ ያሳያል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፈተናው ነው፦ ጥያቄዎቹ በኮርስ አውትላይኑ ከተዘረዘረው ውስጥ ናቸው? ሁለተኛው ስለ ጊዜው ነው፦ ክፍለ ጊዜው ተሟልቷል፣ ወይስ መጨረሻ ላይ ሦስት ምዕራፍ በአንድ ሳምንት ታጭቋል? ከዚያ ስለ ኮንቲኒዩስ አሰስመንቱ ይጠየቃል፤ ኩዊዝና አሳይንመንቱ ታርሞ ለተማሪው ተመልሶለት ነበር? አንዱ መምህር፣ «ግሬድ የመምህሩ ነው፤ እኛ እናየዋለን እንጂ አንነካውም» ይላል። ሌላው፣ «ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ሲወድቅ ጥፋቱ የተማሪ ብቻ ሊሆን አይችልም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ይህን ሊመዝን የሚችለው ደግሞ ያንን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ተማሪው ቅሬታ ካቀረበ የፈተና ወረቀቱ ለሌላ የሙያው መምህር ተሰጥቶ እንደገና ይታረማል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ተፈርሞ፣ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ያልፋል። ማን በማስጠንቀቂያ (በዋርኒንግ) እንደሚቀጥልና ማን እንደሚሰናበት ኮሚሽኑ ያያል።

ዲሲው ይህን በቅጡ ከሠራ ወደ ላይ የሚሄደው ወረቀት የተጣራ ይሆናል። ሳያነብ ፈርሞ ካሳለፈው ግን ሴኔቱ አይቶ የሚያርመው ነገር የለውም። ከኮሌጆች ሁሉ የሚመጣ የብዙ ሺህ ተማሪ ዝርዝር በአንድ ከሰዓት በኋላ ስም በስም ሊመረመር አይችልም። ስለዚህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጥሩ መሆኑን ለማወቅ የምፈልግ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ ላነብ የምፈልገው የዲሲ ቃለ ጉባኤ ነው። ሐሳብ የተፋጨበት፣ የልዩነት ሐሳብ የተመዘገበበት፣ «ይህ ይስተካከልና ተመልሶ ይቅረብ» የተባለበት ቃለ ጉባኤ መምህራኑ በሥራቸው እንዳሉ ይነግረኛል።

አዲስ ሥርዓተ ትምህርትም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ዲፓርትመንቱ የሙያውን ፍላጎት አጥንቶ ረቂቁን ያዘጋጃል፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲና ከመሥሪያ ቤቶች የተጠሩ ባለሙያዎች ይተቹታል፤ ተስተካክሎ በዲሲ፣ በአካዳሚክ ኮሚሽን፣ በመጨረሻም በሴኔት ያልፋል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ብዙ ወጣት መምህራንን ያማርራል። እኔ ግን ርዝመቱን እደግፋለሁ። አንድ ጊዜ የተከፈተ ፕሮግራም ለመዝጋት እጅግ ከባድ ነው፤ መምህር ተቀጥሮበታል፣ ተማሪ ተመድቦበታል፣ ገበያው የማይፈልገው ዲግሪ የያዙ ወጣቶችም በየዓመቱ ይወጡበታል።

በሴኔት ጉዳዮች ሁሉ መምህሩን የሚያስጨንቀው የደረጃ ዕድገቱ ነው። ከረዳት ምሩቅ ተነሥቶ በሌክቸረርነት፣ በረዳት ፕሮፌሰርነትና በተባባሪ ፕሮፌሰርነት አልፎ ፕሮፌሰር እስኪባል ብዙ ዓመት ይፈጃል። የማስተማር ብቃቱ፣ የታተሙ ጥናቶቹ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥራና በማኅበረሰብ አገልግሎት ያደረገው ተሳትፎ ይመዘናሉ። የጥናቶቹን ጥራት በመስኩ የሠለጠኑ የውጭ ገምጋሚዎች ይመለከታሉ። ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሴኔቱ አይቶ ካመነበት ለቦርዱ ያቀርባል፣ ቦርዱም ያጸድቃል። እዚህ ላይ ሴኔቱ ማላላት የለበትም። ክፍያ እስከተፈጸመላቸው ድረስ የመጣላቸውን ሁሉ የሚያትሙ ጆርናሎች በዓለም ላይ እንደ አሸን በፈሉበት በዚህ ዘመን፣ የጽሑፍ ቁጥር ብቻ ቆጥሮ ማዕረግ መስጠት በቤተ መጻሕፍትና በላቦራቶሪ ዕድሜያቸውን ለሰጡ መምህራን በደል ነው።

ይህ አሠራር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አድጎ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቻንስለር ነበሩ። እንዲህም ሆኖ የአካዳሚክ ፖሊሲ የሚመከርበት ፋኩልቲ ካውንስል የሚባል የመምህራን ጉባኤ ነበረው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህ ጉባኤ ከወሰናቸው ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል፣ ይህንንም ካልፈጸመ ዲግሪ እንዳይሰጠው ተደነገገ። አብዛኞቹ መምህር ሆነው ወጡ። የአዲስ አበባ ልጅ የገጠሩን ድህነት በዓይኑ ያየው፣ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ያለ ሕፃን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከፊቱ ቆሞ ያስተማረው በዚህ ምክንያት ነው። የዚያ ዘመን ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲነሡ የገበሬውን ኑሮ በቅርብ ያዩ ብዙዎች በመካከላቸው ነበሩ። አንድ የመምህራን ስብሰባ የአንድ ትውልድን ሕይወት ምን ያህል ሊነካ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ጉባኤው ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚለየው ማን እንደተቀመጠበት ነው። የእኛ ሴኔቶች አባላት በአብዛኛው በኃላፊነታቸው ምክንያት የሚገኙ ናቸው። ዲኑን የሾሙት ፕሬዚዳንት ራሳቸው ሰብሳቢ ሆነው ሲቀመጡ፣ «አልስማማም» ብሎ እጅ ማውጣት ቀላል አይደለም። በእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግን የበላዩ ሕግ አውጪ ኮንግሬጌሽን የሚባል ጉባኤ ነው፤ ከ5,000 የሚበልጡ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና የአስተዳደር ባለሙያዎች አባል ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ለጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የክብር ዶክትሬት እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበላቸው። ታቸር ራሳቸው የኦክስፎርድ ምሩቅ ነበሩ፤ መንግሥታቸው ግን የዩኒቨርሲቲዎችን በጀት ቀንሷል። በ738 ለ319 ድምፅ ተከለከሉ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም ብለው እንግሊዞቹ ይከራከሩ፤ እኔን የሚገርመኝ መምህሩ በሥልጣን ላይ ላለ የአገር መሪ «አይሆንም» ብሎ በማግስቱ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሰላም ማስተማር መቻሉ ነው።

በእኛ አገር መምህሩ ይህን ያህል መተማመኛ ኖሮት አያውቅም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል፤ ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ይህን ያየ መምህር በስብሰባ ላይ ዝም ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ከሥሩ የለወጡ ውሳኔዎች ከሴኔት የመጡ አይደሉም። ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ የተደረገው በመንግሥት ፖሊሲ ነው። ሦስት ዓመት የነበረው ዲግሪ በ2012 ዓ.ም. አራት ሆኖ የፍሬሽማን ትምህርት የተመለሰውም እንዲሁ በአገር አቀፍ ውሳኔ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም መስኮች ሲጀመር ደግሞ ነገሩ እስከ ዲግሪው ደረሰ፦ በዩኒቨርሲቲው መስፈርት ያለፈ ተማሪ አገር አቀፉን ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ አይመረቅም። ፈተናውን አልቃወምም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈታኞቹ ግማሽ ያህሉ እንኳ አለማለፋቸው ብዙ ዲሲዎች ሥራቸውን እንዳልሠሩ አሳይቷል። ነገር ግን የውጭ ፈተና የውስጥን ምዘና ሊተካው አይችልም። በአንድ ቀን በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ የምርምር ጽሑፍ የመጻፍን፣ በሽተኛ አጠገብ የመቆምን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተሳስቶ የመታረምን ችሎታ አይለካም። ያንን ያየው መምህሩ ነው።

አሁን በር የተከፈተ ይመስላል። የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ ወዲህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን የመግቢያ ፈተናም መስጠት ጀምሯል። ስለ ራስ ገዝነት ሲወራ የሚነሣው በአብዛኛው ገንዘብ ነው፤ ክፍያው ስንት ይሆናል፣ ደመወዝ ይጨምራል ወይ የሚለው። እኔ ከገንዘቡ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ወንበሮቹ ነው። ከሴኔቱ አባላት ስንቶቹ በባልደረቦቻቸው ድምፅ ተመርጠው ይገባሉ? ዲን ሲመረጥ የኮሌጁ መምህራን ድምፅ ይቆጠራል? የሴኔቱ ቃለ ጉባኤ መምህሩና ተማሪው ሊያነቡት በሚችሉበት ቦታ ይቀመጣል? ሌጂስሌሽኑ በታደሰ ቁጥር እነዚህን አንቀጾች ገልጦ ማየት ለማንም ክፍት ነው፤ የተማሪዎች ተወካዮችም ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት ሊያስይዟቸው ይችላሉ።