ቅዝቃዜው ከየት መጣ?

አንድ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ ይገባና ከቦርሳው ትንሽ ከረጢት አውጥቶ በእጁ ጨምቆ ያፈርጠዋል፤ አወዛውዞም ጉዳቱ ላይ ያሳርፈዋል። ከረጢቱ ፍሪጅ አይቶ አያውቅም። ሆኖም በደቂቃ ውስጥ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

በውስጡ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ነጭ ደቃቅ እንክብሎችና ውሃ የያዘች ስስ ላስቲክ። ላስቲኳ ስትፈነዳ እንክብሎቹ ይሟሟሉ። በብዙዎቹ ከረጢቶች ሲሠራበት የኖረው እንክብል አሞኒየም ናይትሬት ነው። ቅንጣቶቹ በተቃራኒ ኤሌክትሪካዊ ሙል የተሳሰሩ በመሆናቸው ለመለያየት ጉልበት ይፈልጋሉ። ውሃው የተለያዩትን ሲቀበል ጥቂት ጉልበት ቢመልስም ወጪውን አይሸፍንም። ጉድለቱ የሚሞላው ከራሱ ከውሃው፣ ቀጥሎም ከተጎዳው እግር በሚወሰድ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለ ኪሳራ እያለ መሟሟቱ የሚቀጥለው፣ በሥርዓት የተደረደረ ነገር የመበታተን ዝንባሌ ስላለው ነው።

አንድ ኪሎ አሞኒየም ናይትሬት ሲሟሟ 320 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይስባል። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ የሚፈልገው 334 ኪሎ ጁል ስለሆነ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ሟሙቶ ካለቀ በኋላ ግን ከረጢቱ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ዳግመኛም አያገለግልም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ይኸው ንጥረ ነገር ማዳበሪያም፣ የፈንጂ ግብዓትም ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቤይሩት፣ ወደብ ላይ ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ከ16 በመቶ በላይ ናይትሮጅን ያለበት አሞኒየም ናይትሬት ለሙያ ሥራ ለማይጠቀሙበት ግለሰቦች እንዳይቀርብ ገድቧል። ዛሬ በዩሪያ የሚሠሩ ከረጢቶችም አሉ። ገበሬያችን በሚገባ የሚያውቀው ዩሪያም ሲሟሟ ሙቀት ይስባል፤ መጠኑ ግን አነስ ይላል።

በእኔ እምነት የሕግ ጥያቄው ንጥረ ነገሩ ክፉ ነው ወይስ ደግ የሚል ሊሆን አይገባም። ማን፣ ምን ያህል፣ የት አስቀመጠ? በማንስ ቁጥጥር ሥር? የሚለው ነው። ወጌሻው ቦርሳ ውስጥ ያለው ትንሽ መጠን ሕመም ያስታግሳል፤ ባለቤት ያጣው መጋዘን ከተማ ያፈርሳል።

ለገዢም አንድ ምክር አለ። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ከረጢት አይግዙ። የገዙትንም በጨርቅ ጠቅልለው ይጠቀሙ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ቆዳ ላይ አያቆዩት፤ ከሕፃናትም ያርቁት።