ውለታ መላሽ አራዊትና የባሕር ውስጥ ዓለም፤ ከሐይቅ እስከ ግሸን የዘለቀው ትውፊት

በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው የተአምረ ማርያም ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በግብፅ ብራናዎች ተበትነው የኖሩ ከሺህ በላይ የተአምር ታሪኮችን በአንድ ዝርዝር ማሰባሰብ ከጀመረ ወዲህ፣ በአብዛኛው የሃይማኖትና የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ብቻ ያተኩሩበት የነበረው ይህ መጽሐፍ የተረት ተመራማሪዎችንም ዓይን መሳብ ጀምሯል። ጉዳዩ ለደቡብ ወሎ፣ በተለይም ለሐይቅና ለአምባሰል፣ እጅግ ቅርብ ነው፤ ተአምረ ማርያም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ የሚነገረው በዐፄ ዳዊት ዘመን (1382–1413 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በየበዓላቱ እንዲነበብ ሥርዓት የሠሩለት ልጃቸው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በግሸን አምባ ከታሰሩት የነገሥታት ልጆች አንዱ ነበሩ፤ ግማደ መስቀሉን ያመጡት አባትየው፣ በግሸን ያኖሩት ደግሞ ልጅየው መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚተመው ምእመን ይህን መጽሐፍ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ በውስጡ ስለ እንስሳና ስለ ባሕር የተተረከው ግን ከአንድ ሃይማኖት ድንበር አልፎ ይሄዳል።

የተረት ጥናት እንዲህ ያሉትን ታሪኮች የሚመድበው “ሞቲፍ” በሚባለው መለኪያ ነው፤ ሞቲፍ ማለት ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሳይበተን የሚዘዋወር አነስተኛ የትረካ ክፍል ነው። አሜሪካዊው ስቲዝ ቶምፕሰን ባዘጋጀው ሰፊ ዝርዝር ውስጥ ውለታ መላሽ እንስሳት ቢ 350 በሚለው ቁጥር፣ የባሕር ውስጥ ዓለም ደግሞ ኤፍ 725 በሚለው ቁጥር ሥር ይገኛሉ። ሁለቱ ተጣምረው በብዛት የሚነሱት በጃፓን ተረት ሲሆን፣ ከሁሉ የታወቀው የዓሣ አጥማጁ የኡራሺማ ታሮ ታሪክ ነው፤ ኡራሺማ ልጆች ሲያሠቃዩዋት ያገኛትን ኤሊ ያድናታል፣ ኤሊዋም ወደ ባሕሩ ዘንዶ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ትወስደዋለች፣ ጥቂት ቀን የቆየ መስሎት ሲመለስ ዘመናት አልፈው ያገኛል፣ እንዳይከፍት የታዘዘውን ሣጥን ሲከፍትም በቅጽበት ይሸመግላል። ከወጥመድ ያዳናት ሽመላን የምትመስል ወፍ ሴት ሆና መጥታ በገዛ ላባዋ ጨርቅ የምትሸምንለት ድሃም፣ በቢዋ ሐይቅ ለሚኖረው ዘንዶ ሲል ግዙፉን መቶ እግር ገድሎ የማያልቅ የሩዝ ጆንያ የተሸለመው ጦረኛ ሂዴሳቶም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ይሁንና ዝርዝሩ የሚደብቀው አንድ ነገር አለ። በ720 እ.ኤ.አ. በተጻፈው ኒሆን ሾኪ በተባለው የጃፓን ዜና መዋዕል ውስጥ ኡራሺማ ኤሊዋን የሚይዛት ዓሣ ሲያጠምድ ነው፤ እርሷም ወዲያው ሴት ትሆናለች፣ አብረውም ወደ ማይሞቱት ምድር ይሄዳሉ፤ የሚያሠቃዩ ልጆችም ሆኑ ርኅራኄና ውለታ በዚያ የሉም። ኤሊዋን ማዳንና ውለታ መመለስ የተጨመረው በኋለኞቹ ዘመናት ነው፤ ልጆችን ሥነ ምግባር ለማስተማር ሲባል ተረቱ እየተስተካከለ ሄዷል። ስለዚህ ውለታ መላሽ እንስሳ የትም ቦታ ከጥንት የተገኘ፣ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሐሳብ ነው የሚለው አነጋገር በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል፤ ከእንስሳው መልካምነት ይልቅ ውለታው በማን እጅ እንደሚከፈል መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል።

በዚህ ጥያቄ ሲመረመር ከኢትዮጵያው ወገን ቀዳሚውን ቦታ የሚይዘው የተጠማው ውሻ ተአምር ነው። እመቤታችን ሰው ሁሉ ቸል ያለውን በውኃ ጥም የተቃጠለ ውሻ አይታ፣ በጫማዋ ውኃ ቀድታ እንዳጠጣችው የሚተርከው ይህ ታሪክ በብራና ሥዕሎችም ተደጋግሞ ተሥሏል። ውሻው ጠጥቶ ይረካል እንጂ በኋላ ተመልሶ ማንንም ከአደጋ አያድንም፣ ወርቅ ያለበትን ጉድጓድም አያሳይም። የወሎ ሙስሊም ደግሞ ከዚህ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ታሪክ ከሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች ስብስብ ያውቃል፤ በቡኻሪ ዘገባ መሠረት ከእስራኤል ልጆች ወገን የሆነች አንዲት አመንዝራ ሴት በጉድጓድ ዙሪያ በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይታ፣ ጫማዋን አውልቃ ውኃ ቀድታ ስላጠጣችው ኃጢአቷ ተሰርዮላታል። በሌላ ዘገባ ይህንኑ የፈጸመው መንገደኛ ወንድ ነው፤ እርሱም ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ጫማውን በውኃ ሞልቶ በአፉ ነክሶ ይወጣል።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲነበቡ መመሳሰላቸውም ልዩነታቸውም ጎልቶ ይወጣል። ውሻውም፣ ጥሙም፣ ጫማውም አንድ ነው፤ ነገር ግን በሐዲሱ ደግ የሠራችው ኃጢአተኛ ስለሆነች ትረካው የሚደርሰው ወደ ምሕረት ሲሆን፣ በተአምሩ ደግ የሠራችው ንጽሕት ስለሆነች የሚታየው የርኅራኄዋ ስፋት ነው። በሁለቱም ዘንድ ውለታውን የሚመዘግበው ፈጣሪ እንጂ ውሻው አይደለም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በአንድ መንደር በሚተያዩበት፣ የአንድ ቤት ዘመዳሞች በሁለት ሃይማኖት በሚኖሩበት በወሎ ምድር ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በአፍ ሳይሻገር ቀርቷል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ የተአምረ ማርያም መጽሐፍ ራሱ በዓረብኛ በኩል የመጣ በመሆኑ ደግሞ መሻገሪያው ከወሎም የራቀ ሊሆን ይችላል። የቶምፕሰን ቁጥር ለሁለቱም አንድ መደብ ከመስጠት በቀር በዚህ ላይ የሚለው የለም።

በገድላት፣ ማለትም በቅዱሳን የሕይወት ታሪኮች ውስጥ፣ እንስሳው ከዚህ የተለየ ሥራ አለው። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በ1248 እ.ኤ.አ. እንዳቋቋሙ የሚነገርላቸው አባ ኢየሱስ ሞዐ የተማሩት በደብረ ዳሞ ነው፤ የዚያ ገዳም መሥራች አቡነ አረጋዊ ደግሞ መወጣጫ ወዳልነበረው አምባ የወጡት በዘንዶ ጀርባ እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። እዚህ ላይ ሥዕሎቹን በጥንቃቄ ማየት ያሻል፤ ዘንዶው ቅዱሱን ተሸክሞ ሲወጣ ሊቀ መላእክት ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ይጠብቃል። ዘንዶው አይወድም፣ አያመሰግንም፣ የሚከፍለውም ዕዳ የለበትም፤ ታዝዟል፣ እንዳያፈነግጥም ይጠበቃል። ነቢዩ ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪም እንዲሁ በትእዛዝ የዋጠና በትእዛዝ የተፋ ነው፤ በጾመ ነነዌ የሚነበበውን ታሪክ የሰማ ሰው ዓሣውን እንደ ባለ ልብ ፍጡር አያስበውም።

ከዚህ ደንብ ትንሽ ወጣ የሚሉት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ተከትለዋቸው የሚሣሉት እኒህ ጻድቅ፣ ውኃ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንድትጠጣ እንደፈቀዱላት ይተረካል፤ ይህም ከውሻው ተአምር ጋር ሲተያይ ርኅራኄው ወደ ገዛ አካል የገባበት ነው። አራዊቱም የሚከተሏቸው በሰይፍ ተገደው ሳይሆን በፍቅር ይመስላል፤ ውለታ መላሽ እንስሳን የሚፈልግ አጥኚ በኢትዮጵያ ገድላት ውስጥ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያገኝም። ሲወለድ በንብ መንጋ እንደተከበበና ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁለት የሚነገረው ቅዱስ ላሊበላም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር ይቆጠራል፤ ነገር ግን ንቦቹ ያወቁት ሥልጣንን ነው፣ የተደረገላቸው ነገር አልነበረምና።

ዓለማዊው ተረት በአንጻሩ ስለ ውለታ ብዙ ይናገራል፣ ግን በመራራ አንደበት። ከእሳት ወይም ከወንዝ ሙላት ያዳነውን ገበሬ ሊነድፍ የሚነሣው እባብ፣ በመጨረሻም “መጀመሪያ እንዴት እንደነበራችሁ አሳዩኝ” ብላ እባቡን ወደ ነበረበት የምትመልሰው ብልህ ቀበሮ በየአገሩ ይተረካሉ፤ ይህ በዓለም አቀፉ የተረት ዓይነቶች ዝርዝር 155ኛው ሲሆን ከሕንድ እስከ አውሮፓ የተዛመተ ነው። ዳቪስና አሽባነር በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መድበል ዓለም ያወቀው የአንበሳው ጢም ተረትም ብዙ ጊዜ የወዳጅነት ታሪክ ተደርጎ ቢነገርም፣ ሴትዮዋ አንበሳውን ያለመደችው ቀን በቀን ሥጋ እየወረወረች ነው፤ አንበሳው ጢሙን ሲያስነቅል ውለታ አልመለሰም፣ ጠግቦ ነበር። የአራዊት ጠባይ የሚተርከውና ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለዚሁ ሁሉ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

የባሕሩ ጉዳይ ሲነሣ ማዕከሉ ሐይቅ ራሱ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ላይ የተኛው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጠውና ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የሌለው ይህ ሐይቅ እንዴት እንደተፈጠረ የአካባቢው ትውፊት ሲተርክ፣ አንዲት እርጉዝ ሴት በልዕልት ተበደለች፣ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች ይላል። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ደሴት ሆነ፤ በላዩ የእስጢፋኖስ ገዳም ተሠራ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል። በተበደለች ሴት ምክንያት ከውኃ የተረፈው ይህ ቦታ ለሴቶች የተከለከለ ገዳም መሆኑ ትውፊቱን የሚሰማ ሰው ሳያስተውለው የማያልፈው ነገር ነው።

በተአምረ ማርያም ውስጥ ከዚህ ጋር የሚተያይ ታሪክ አለ። አንዲት እርጉዝ ሴት ከሌሎች ጋር በባሕር መካከል ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ስትጓዝ ማዕበሉ ይደርስባቸዋል፤ ሌሎቹ ሲሸሹ እርሷ ሸክሟ ከብዷት ትቀራለች፤ ባሕሩም ይከድናታል። እመቤታችን ግን ትጋርዳታለች፣ ሴትዮዋም በውኃው ውስጥ በሰላም ትወልዳለች፣ ባሕሩ ሲሸሽም ሕፃኗን ታቅፋ ትወጣለች። የታሪኩ ምንጭ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የቅዱስ ሚካኤል ደብር ሲሆን፣ ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ በዓረብኛ በኩል ወደ ግእዝ መጥቷል። ይህ ከባሕር በታች የሚገኝ ሥፍራ እንደ ኡራሺማው ቤተ መንግሥት ዕንቁ፣ ድግስና የተረሳ ዘመን የለበትም፤ የመውለጃ ማዕዘን ነው። እርጉዝ ሴት፣ የሚነሣ ውኃና የምትተርፍ ነፍስ በሐይቁም በባሕሩም ታሪክ መገናኘታቸው ድንገተኛ ላይሆን ይችላል፤ ገዳሙ ከመጽሐፉ ትርጉም ከመቶ ዓመት በላይ ቢቀድምም፣ መጽሐፉ በሚነበብበት ገዳም ዙሪያ የሚነገር ትውፊት ከንባቡ አንዳች ነገር አልቀሰመም ማለት ያስቸግራል። በአንጻሩ የሐይቁ ታሪክ ቅጣትን፣ የባሕሩ ታሪክ ጥበቃን ያስቀድማል፤ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌሎቹ የውኃ ትውፊቶች በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ አናት ባለው ሐይቅ ውስጥ 100 ዓመት ቁልቁል ተዘቅዝቀው ስለ ኢትዮጵያ መጸለያቸው የውኃውን ሥፍራ የሱባኤ ቦታ ያደርገዋል። በክታብ የሚጻፈው መርበብተ ሰሎሞን ደግሞ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠመደበትን ታሪክ ይይዛል። ሔዋን ከ30 ልጆቿ መልከ መልካሞቹን 15 ከፈጣሪ ስለደበቀች የተሰወሩ ሆነው ቀሩ የሚለው የዛር አፈ ታሪክ፣ ምንጭና ወንዝ ዳር ለሚኖሩት ስውራን ዘር ይሰጣቸዋል፤ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የመዘገበው የዛር ሕይወት ለዚህ መስክ ሰፊ መነሻ ቢሆንም፣ የሌሪስ ትኩረት ከውኃው ይልቅ ዛር በያዛቸው ሰዎች ላይ ነበር።

የዝርዝር አዘጋጆች ችግር የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። የሐይቅ ታሪክ በቶምፕሰን ዝርዝር ሲፈለግ የሚገኘው ከባሕር ውስጥ ዓለም ጋር ሳይሆን በሽልማትና ቅጣት ክፍል፣ ምድር ሰጥማ ሐይቅ የምትሆንበት ቅጣት ከሚለው ርእስ ሥር ነው፤ በማዕበል ውስጥ የወለደችው ሴት ወደ ተአምራት መደብ ትሄዳለች፤ ውሻው በእንስሳት ሥር ይቀራል። የፕሪንስተኑ ዝርዝር በበኩሉ የሚሰበስበው በማርያም ስም የተጻፈውን ነውና የሐዲሱ ውሻ በውስጡ ቦታ የለውም። የሐይቅ ገዳም ብራናዎች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮ ፊልም ሥራ ተነሥተዋል፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በአምባሰልና በተሁለደሬ ገጠር ከተአምሩም ከሐዲሱም ጋር እየተቀላቀለ የሚነገረው የአፍ ትረካ ግን የሚቀዳው በሌላ መሣሪያ፣ የሚጠየቁትም ቄሱና ሼኹ በአንድነት ናቸው።